ባለ ስምንት ሲሊንደሩና የጋሼ ጆሮ

ሙያውን ያስተማሩኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሼ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ አራት መኪና እንኳ በወጉ የማይዝ ጋራዥ ነበራቸው። እዚያ ስምንት ዓመት ሙሉ ብሎን ሳጥብ፣ ሞተር ስፈታ፣ ስሰደብም ኖሬያለሁ። ሌላው መካኒክ በመለኪያ የሚሠራውን ጋሼ በጆሯቸው ነበር የሚሠሩት። ቤንዚን መኪና ውስጥ ካንዴላው እሳት የሚረጭበት ቅጽበት አለ። ትንሽ ከዘገየ መኪናው ይደክማል፤ ትንሽ ከቀደመ ደግሞ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ እሳቱ አናቱን ይመታዋል። ያኔ መኪናው ዳገት ላይ ሲጨነቅ ከብረቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ጋሼ ያንን ድምፅ ቃጭል ይሉት ነበር።

ቃጭሉ እስኪሰማቸው ድረስ እሳቱን ያስቀድሙታል፣ ሲሰሙት አንድ ፀጉር ያህል ይመልሱታል፣ ከዚያ ያጠብቁታል። ሲጨርሱ በካቻቢቴ ጫፍ አንድ ጭረት ይጭራሉ፤ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢዩተሩ እግር ጀምሮ ሞተሩ አካል ላይ የሚያልቅ ቀጥ ያለ ጭረት። ፊደል አልቆጠሩምና ፊርማቸው ያ ነበር። ጭረታቸው ያረፈበትን ብሎን የነካ ሠራተኛ በዚያው ቀን ልብሱን ይዞ ይወጣል። አንድ ልጅ ሲያስወጡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የልጁ እናት መጥተው እግራቸው ላይ ወድቀው እንኳ አልመለሱትም።

እኔ ወደቡ ወደ ጅቡቲ የዞረ ጊዜ ከከባድ መኪኖቹ ጋር ወረድኩ። ለስድስት ወር ብዬ ሄጄ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቀረሁ። ሃያብለ በሚባል ሰፈር የቆርቆሮ ቤት ተከራየሁ፤ ወደ ዶራሌ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ግቢ ይዤ ጥገና ጀመርኩ። ቤቱ ምድጃ ነው፣ ግቢው ምጣድ፤ ሰው ግን ሁሉን ይለምዳል። እዚያ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ቢኖር አዲስ አበባ ላይ እንደ ልብ የሚሄድ ቤንዚን መኪና ባሕሩ ዳር ሲደርስ ቃጭል እንደሚጀምረው ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ቀደም ያለ እሳት ይችላል። ታች አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨመርበታል፣ ስለዚህ እሳቱን ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። ይሄን ለማወቅ የሁለት ሰው ሞተር አበላሽቻለሁ። ስድቡንም በሦስት ቋንቋ ጠጥቻለሁ።

መኪናው የመጣው ጅቡቲ ብዙ ዓመት ከቆየሁ በኋላ ነው። ባለቤቱ ወደብ ላይ የትራንዚት ሥራ የሚሠራ፣ ጋቦዴ የሚኖር፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ የጅቡቲ ሰው ነበር። ልጅ ሆኖ ድሬዳዋ አጎቱ ዘንድ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። አንድ ጠዋት በሸራ የተጠቀለለ ነገር በጭነት መኪና አስመጥቶ ግቢዬ አራገፈና ሸራውን ገለጠው። ሁለት በር፣ ረጅም ኮፈን፣ አጭር ጭራ፤ እኔ ሳልወለድ አሜሪካ የተሠራ ባለ ስምንት ሲሊንደር። አንድ የውጭ ሰው አስመጥቶት ሳይወስደው ቀርቶ፣ ወደብ ላይ ለዓመታት ጨው ሲልሰው ከርሞ፣ በጨረታ ነው ያገኘው።

«አቦ፣ ይሄን አስነሳልኝ» አለኝ። «ማስነሳት ብቻ አይደለም። እንዲበር ነው የምፈልገው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶራሌ አጠገብ ለከባድ መኪና የተነጠፈ፣ ገና ለትራፊክ ያልተከፈተ ቀጥ ያለ አስፋልት ነበር። ዓርብ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከርር፣ መኪና የሚወዱ ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፤ አንድ ሰው ሽርጡን ከፍ አድርጎ ያወርዳል፤ ከቆመበት ተነስቶ አራት መቶ ሜትር የቀደመ ቀደመ። የአንድ ነጋዴ ልጅ አዲስ የጃፓን መኪና ነበረውና ማንም አልቻለውም። ባለመኪናው ያንን ልጅ በአሮጌ ብረት መቅደም አማረው። እንደ አባቶቹ ግመል ቢያሽቀዳድም ይሻለው ነበር እያልኩ እቀልድበት ነበር፤ እሱም እኔን ይስቅብኛል።

እንዲህ ያለ ሞተር ነክቼ አላውቅም። ጋሼ ግን በጃንሆይ ዘመን ወጣት ሆነው በትልልቅ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ነው ያደጉት። ያን ሰሞን ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ ደውለውልኝ ነበር። ወፍጮ ቤቱም ጋራዡም ለፎቅ ፈርሶ፣ ጋሼ ዓመት ከምናምን ቤት ተቀምጠዋል። «ግድግዳ ነው የሚያዩት» አሉኝ እትዬ። «የሚጠራቸው ሰው ጠፋ። ጊዜዬ አለቀ፣ እጄ ሞተ ይላሉ።»

ለባለመኪናው «ይሄን የሚያውቅ ሰው አለኝ፣ እንደሱ ያለ ጆሮ በምድር ላይ የለም» ብዬ ፎከርኩ። የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። እጃቸው ዛሬም እጅ መሆኑን በሰው ፊት እንዲያዩት፣ ቀና ብለው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ብቻ። ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ጋሼን ጠራኋቸውና በድሬዳዋ በኩል በአውቶቡስ መጡ። በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮታቸውን ለብሰው፣ የመፍቻ ሣጥናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወረዱ። ኮቱን ለማስወለቅ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ባለመኪናው የድሬ አማርኛው አንቱታ አያውቅምና ገና ሲያያቸው «እንኳን ደህና መጣህ አንተ ሽማግሌ!» ብሎ አቀፋቸው። እኔ ደነገጥኩ። ጋሼ ግን ፈገግ ብለው «አመሰግናለሁ» አሉ። ሲቆይ ነው የገባኝ፤ ምን እንዳላቸው አልሰሙትም።

እዚያው መንቃት ነበረብኝ። ከኋላቸው ስጠራቸው አይዞሩም። የጭነት መኪና ግቢው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ሲያጮኸው እኔ ስዘል እሳቸው ቦርሳቸው ውስጥ ሲጋራ ይፈልጋሉ። ሳወራቸው ዓይኔን ትተው አፌን ያያሉ። አርባ ዓመት ከላሜራ ቀጥቃጭ አጠገብ የሠራ ሰው ጆሮው ምን ይሆናል ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ሙቀቱ ነው፣ መንገዱ አድክሟቸው ነው አልኩ። ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር ሲያይ ሰበብ አያጣም።

አምስት ሳምንት ሠራን። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ የተደሰትኩበት የለም። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት መኪናውን ማራቆት ነው። የኋላውን ወንበር፣ ምንጣፉን፣ ትርፍ ጎማውን፣ የበሩን ሽፋን ሁሉ አወጣን። ማሞቂያውን ስናወጣ ባለመኪናው «ጅቡቲ ውስጥ ማሞቂያ!» እያለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባትሪውን ከፊት አንስተን ከኋላ ሻንጣው ውስጥ አሰርነው። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎቹ እንዲተኛ፣ ጎማዎቹም አስፋልቱን እንዲነክሱ ነው። የኋላውን ባሌስትራ አጠነከርነው፣ ሲነሳ እንዳይጣመም። ባለ አራት ጉሮሮውን ካርቡራተር ፈትተን በቤንዚን አጠብን፤ ቤንዚኑ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ጅግለሮች ጋሼ በፀጉር መርፌ እየጠረጉ ወደ ፀሐይ አንስተው ያዩባቸዋል። ማርሚታውን ቆርጠን ጣልን። መኪናው ሲነሳ ግቢው ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤት ይጮሃል፣ ጋሼ ይስቃሉ። ያንን ድምፅ ሰምተውት ነበር፤ ያንን ድምፅማ ማን አይሰማውም?

እኩለ ቀን ሲደርስ ጫቱ ይገባል፣ ከተማው ይቆማል። ባለመኪናው ወደ መቃሚያው ይሄዳል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ የመኪና ሆድ ሥር ገብቶ ይተኛል። ጋሼ ጥላው ሥር ሸራ አልጋ ላይ ጋደም ብለው ስለ ድሮ ደንበኞቻቸው ያጫውቱኝ ነበር። የእገሌ መኪና፣ የእገሊት መኪና፤ ሰዎቹን ረስተው መኪኖቹን ያስታውሳሉ። «ሁሉም ላይ ጭረቴ አለ» ይሉኛል። «እኔ ብሞት እነሱ ይናገራሉ።» ፊታቸው በርቶ ነበር። እትዬ ሲደውሉ «ዛሬ ተቆጡ ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ «ሦስቴ ሰደቡኝ» ስላቸው በደስታ ያለቅሳሉ።

ውድድሩ ዓርብ ነው። ሐሙስ ጠዋት እሳቱን ለማስያዝ ወጣን። ከአምቡሊ ድልድይ ወደ ባልባላ የሚወጣው ዳገት ላይ እኔ እነዳለሁ፣ ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ ባለመኪናው ከጓደኞቹ ጋር አናቱ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ቃጭል ቆሞ አይሰማም፤ ሞተሩን ዳገት ላይ ማስጨነቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ዙር ወጣን፤ ንጹህ ነው። ጋሼ ወረዱ፣ ዲስትሪቢዩተሩን ጥቂት አዞሩ። ሁለተኛውን ወጣን። ቃጭሉ ጀመረ። ከዚያ ሁሉ የጭስ ማውጫ ጩኸት ሥር ቀጭን ሆኖ፣ ጣሳ ውስጥ ሳንቲም እንደሚንቀጫቀጭ ሆኖ ሰማሁት። ይመልሱታል ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። ጋሼ ግን አስቀደሙት።

ሦስተኛውን ስንወጣ ቃጭሉ ጥርሴን አሳመመኝ። አየኋቸው። አንገታቸውን ወደ ኮፈኑ ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አዲስ አበባ እንደሚያደርጉት፣ ልክ እንደዚያው። ምንም አይሰሙም ነበር። ወርደው እጃቸው አርባ ዓመት ወደለመደው ቦታ፣ ደጋው ወደሚፈልገው ቦታ ሄደ። ቦታው ለደጋ ነው፤ እኛ ያለነው ባሕር ዳር ነው። ድሮ ቢሆን እጃቸው ቢሳሳት ጆሯቸው ይመልሰው ነበር። አሁን የሚመልሰው አልነበረም።

አራተኛውን ወጥተን አናቱ ላይ ቆምን። ባለመኪናውና ጓደኞቹ ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። ጋሼ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ከዚያ፣ ሰዎቹ ሳይደርሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ቃጭል አለ?»

በስምንት ዓመት አንድም ቀን ስለ ድምፅ ጠይቀውኝ አያውቁም። ማንንም ጠይቀው አያውቁም። ሳይጠየቅ የተናገረን ሠራተኛ በጨርቅ ይመቱ የነበሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን ፍርሃት አሁንም አልረሳውም።

«የለም ጋሼ» አልኳቸው። «ንጹህ ነው።»

ትከሻቸው ረገብ አለ። ወርደው አጠበቁ፣ ካቻቢቴውን አወጡ፣ ሰዎቹ ከበው እያዩ ጭረታቸውን ጫሩ። ባለመኪናው አጨበጨበ።

«ጋሼ፣ ቃጭል አለ፣ ትንሽ ይመልሱት» ማለት አምስት ቃል ነው። ሰዎቹ ሳይደርሱ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ በኋላም፣ ግቢ ገብተን ብቻችንን ስንሆን፣ ይበቃኝ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ ነው ብል ይሉኝታን መስደብ ይሆናል። ፈራሁ። ጆሯቸው መጥፋቱን ከእኔ አፍ እንዳይሰሙ ፈራሁ። በዝምታ አስተካክለዋለሁ፣ እሳቸውም አያውቁም፣ መኪናውም ይተርፋል ብዬ አሰብኩ። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

እኩለ ቀን ጫቱ ገባ። ባለመኪናው ሄደ፤ ጋሼ ጥላው ሥር እንቅልፍ ወሰዳቸው። መኪናውን እየገፋሁ ከግቢው አወጣሁት፣ ራቅ ብዬ አስነሳሁት፣ ሰው በሌለበት ዳገቱን ወጣሁ። ቆሜ ብሎኑን ፈታሁ። ያ የተባረረው ልጅ ትዝ አለኝ። እሳቱን መለስኩ፣ ሞከርኩ፣ ደግሜ ጥቂት መለስኩ። ቃጭሉ ጠፋ። መኪናው እንደ አዲስ ሳበ። ኮፈኑን ስከፍት ግን ጭረቱ ለሁለት ተከፍሏል። ላይኛው ግማሽ ከታችኛው ጋር አይገናኝም፤ መሐላቸው የስንዴ ፍሬ ያህል ክፍተት አለ። አዲስ ጭረት ልጭር ካቻቢቴውን አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። የሰው ፊርማ መፈረም ነው። ግራሶ ቀባሁበትና ኮፈኑን ዘጋሁት።

ዓርብ ጠዋት ወደ ዶራሌ ስንሄድ በመንገዱ ዳር የእኛ አገር ልጆች፣ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው፣ ወደ ባሕሩ መሻገሪያ በእግራቸው ሲጓዙ አየን። ጋሼ «ወዴት ነው የሚሄዱት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እናቶቻቸው ያውቃሉ?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ባለመኪናው ራሱ ነዳ። እኔና ጋሼ መጨረሻው ላይ ቆመን ጠበቅን። ሽርጡ ሲወርድ አሮጌው መኪና አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቃንቶ፣ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ተቀምጦ ተነሳ፤ ልክ ጋሼ እንዳሉት። የነጋዴው ልጅ መሐል ላይ ደረሰበት፣ ጎን ለጎን ሆኑ። በአንድ ኮፈን ርዝመት ቀደምነው።

ሰዉ ጮኸ። ባለመኪናው ከመኪናው ወርዶ ሮጦ ጋሼን አቀፋቸው፣ ትከሻው ላይ የነበረውን ሻሽ አውልቆ አንገታቸው ላይ አደረገላቸው። «ይሄ ሽማግሌ ነው! ዋላሂ ይሄ ሽማግሌ ነው!» እያለ በሶማሊኛም በአፋርኛም በፈረንሳይኛም ለሰዉ ይናገራል። የተሸነፈው ልጅ ራሱ መጥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ። የምፈልገው ደርሶልኝ ነበር። ጋሼ ቀና ብለዋል፣ ያረጁም አይመስሉም። እንባዬን ልደብቅ ዘወር አልኩ፤ ዘወር ባልል ኖሮ ምናልባት አስቆማቸው ነበር።

ልጁ ሞተሩን ማየት ፈለገ። ጋሼ ኮፈኑን ከፈቱ። ስመለከት መሐረባቸውን አውጥተው ዲስትሪቢዩተሩን እየጠረጉ ነው። ግራሶ የበዛበትን ጠርገው ጭረታቸውን ሊያሳዩ ነበር። «ይሄ…» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ቆሙ።

አመልካች ጣታቸውን ጭረቱ ላይ አደረጉ። ክፍተቱ ላይ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አስኬዱት። ሰዉ አሁንም ያጨበጭባል። ልጁ በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ይጠይቃል። ጋሼ ኮፈኑን በሁለት እጃቸው፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል በር እንደሚዘጋ ሰው፣ ቀስ አድርገው ዘጉት። ወደ እኔ አልዞሩም።

ስንመለስ እኔና እሳቸው በእኔ መኪና ነበርን። ባልባላ ደረስን። ጋሼ ወደ ፊት እያዩ ጠየቁኝ፦

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጋሼ…»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ከኋላዬ የምታስተካክለው?»

መኪናውን ዳር አቆምኩ። አፌን እንዲያዩት ፊቴን ወደ እሳቸው አዞርኩ። «ትናንት ብቻ ነው። በእናቴ ስም እምላለሁ፣ ትናንት ብቻ።»

«አዲስ አበባ እያለህስ?»

«በፍጹም! በፍጹም ጋሼ። ማን ደፍሮ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ማመን አልነበረም፤ ልጅ ሲዋሽ አዋቂ ሰምቶ ዝም እንደሚለው ዓይነት ነው። «አልሰማ ካልኩ ቆይቷል» አሉ። «እኔ ግን እጄ ያውቃል ብዬ ነበር።» እኔ መሪውን ይዤ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። አንገታቸው ላይ የነበረውን ሻሽ አውጥተው በጥንቃቄ አጠፉትና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ሌላ ወር ሊቆዩ አስበው ከውድድሩ በሦስተኛው ቀን ሄዱ። ባለመኪናው ቢለምን፣ ሌላ መኪና አስመጣልሃለሁ ቢል አልሆነም። «ባለቤቴ ናፈቀችኝ» አሉት። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ እጃቸውን አውለበለቡልኝ፣ ሳቁልኝም። ቢቆጡኝ፣ በጨርቅ ቢመቱኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ እትዬ ደወሉ። «ልጄ፣ እዚያ ምን አደረጋችኋቸው?» አሉኝ። ጋሼ በየቀኑ ጠዋት ከቤት ይወጣሉ። የድሮ ደንበኞቻቸውን ቤት በእግራቸው እየፈለጉ ያንኳኳሉ። ሰዎቹ በደስታ ያስገቧቸዋል፣ ሻይ ያቀርባሉ። ጋሼ ሻዩን ሳይጠጡ «መኪናው አለ? ኮፈኑን ክፈቱልኝ» ይላሉ። ያያሉ፣ አመስግነው ይወጣሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። «ምን እንደሚፈልጉ አይነግሩኝም» አሉ እትዬ። «ግን ከሄዱበት ሁሉ አንሰው ነው የሚመለሱት።»

እኔ ወዲያው ገባኝ። ከእነዚያ መኪኖች ብዙዎቹ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እሳቱን የሚቆርጠው ፑንቲና ሲያልቅ ሌላ መካኒክ ይቀይረዋል፣ ሲቀይር እሳቱን እንደገና ያስይዛል። ዲስትሪቢዩተር ይበላሻል፣ ይለወጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይነካ የቆየ ጭረት የትም አይገኝም። ይሄን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሁን ግን የተከፈለ ጭረት ባዩ ቁጥር የሚታያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራቸውን አስረክበው ዘወር ሲሉ ከኋላቸው ፀጥ ብሎ የሚያስተካክል ሰው። ያንን ሰው የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አርባ ዓመት የሠሩትን ሁሉ በአንድ ብሎን ፈታሁባቸው።

ሥራዬን ዘግቼ አዲስ አበባ ወጣሁ። ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ፣ ቅጠሉ ለረገፈ የኮክ ዛፍ ጀርባቸውን ሰጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ከልባቸው ደስ አላቸው፣ ተነስተው ሳሙኝ። መሬቱ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁ፣ እየጮህኩ ተናገርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው አልኳቸው። አዲስ አበባ ላይ አንድም ሰው ሥራዎን ነክቶ አያውቅም አልኳቸው። መኪኖቹ ያረጁ ናቸው፣ ሌሎች መካኒኮች ፑንቲና ቀይረዋል፣ እርስዎ ራስዎ ያስተማሩኝ ነው አልኳቸው። ጎረቤት መስኮቱን ከፍቶ ያየኛል፣ እትዬ በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። እውነት ስለሆነ አላፈርኩም። ከዚያ በፊት ለማንም እንደዚያ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰሙኝ። አንድም ቃል አላመለጣቸውም፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«አንተ ደግ ልጅ ነህ» አሉኝ፣ ያለ ምንም ቁጣ። «ያኔም እኮ ንጹህ ነው ብለኸኝ ነበር።»